የአይጧ ምስክርነት

ኦቦ ደቻሳ መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። መንግሥት በተለወጠበት ሰሞን ከአምቦ ወደ ባኮ መኪና አይሄድም ነበር፤ ስልኩም ተቋርጧል። መንገዱ ሲከፈት ከባኮ ጤና ጣቢያ የመጣች አንዲት ነርስ የላቦራቶሪ ዕቃ ልትወስድ ወደ ክፍሌ ገባች። የጠየቀችውን ሰጥቻት በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ዞር አለችና፣

«እትዬ ሙሉ፣ ኦቦ ደቻሳን ቀበርናቸው እኮ። አልሰሙም እንዴ?» አለችኝ።

አልሰማሁም። ጉበቱን ሲያመው እንደቆየ፣ በመጨረሻው ግን ብዙ እንዳልተሰቃየ ነገረችኝ። ሚስቱ ከአምቦ ሳትደርስለት ነው የሞተው። ነርሷ ከሄደች በኋላ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ እንባ ግን አልመጣልኝም። በዚያ ሰሞን የምንሰማው መርዶ ብዙ ነበር፤ ሁላችንም ደክሞን ነበር። ቀለም የነከርኩት የናሙና መስታወት ጠረጴዛው ላይ ደርቆ እስኪበላሽ ድረስ እዚያው ተቀምጬ ስለ እሱ ሳስብ ዋልኩ።

ደቻሳ የሥጋ ደዌ ሕክምና ተቆጣጣሪ ነበር። ከጊንጪ እስከ ጌዶ ባሉት መንደሮች ይህ በሽታ ያለበትን ሰው ሁሉ በስሙ፣ በአባቱ ስም፣ በሚኖርበት ጎጥ ያውቀዋል። እኔ በአምቦ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ከበሽተኞቹ ጆሮ ጫፍ ተጭሮ የሚመጣውን ናሙና ቀለም ነክሬ በማይክሮስኮፕ የማየው እኔ ነኝ። አንዳንዴም ሕክምናው በሚሰጥበት ቀን አብሬው እወጣ ነበር። በዕድሜ ስለሚበልጠን ሁላችንም ኦቦ ደቻሳ እንለዋለን፤ አንቱ ስንለው ግን ይቆጣል። «አንቱታውን ለጡረታዬ አስቀምጡልኝ» ይል ነበር።

ቀጭን ነው፤ ትከሻው ወደ ፊት የጎበጠ። በበጋም በክረምትም አረንጓዴ የዝናብ ካፖርት ይለብሳል። ሰው ሲያገኝ ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጆሮ ነው። የሠርግ ዕለት ሙሽራዋን ሰላም ሲል እንኳ ጆሮዋን ሲመረምር አይቼው አፍሬለታለሁ። «አካም ጅርታ?» ብለው ደኅንነቱን ሲጠይቁት ሰው ሁሉ እንደሚለው «ፈያ»፣ ደኅና ነኝ፣ አይልም፤ «ደክሞኛል» ነው የሚለው። ደክሞኛል ብሎ ግን ከሥራ ቀርቶ አያውቅም። የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጅ ነው። ሞተር ብስክሌቱን ሲያጥብ ከንፈሩን ሳይከፍት መዝሙር ያንጎራጉራል፤ ጸሎት ቤቶች በተዘጉበት ዘመን መዝሙሩን የምንሰማው ከዚያ ሞተር አጠገብ ብቻ ነበር።

በሥራው ላይ ደግሞ ጨካኝ ነበር፤ ይህን ካልተናገርኩ እሱን አልገለጽኩትም። በዚያን ጊዜ የነበረን መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ዳፕሶን የሚባለው ነጭ ክኒን። በሽተኛው በየቀኑ ይውጣል፤ ለዓመታት፣ ብዙዎቹም እስከ ዕለተ ሞታቸው። አንድ ሰው ከወር ቀጠሮው ከቀረ ደቻሳ ሞተሩን አስነሥቶ ይሄዳል፤ የመረሬው ጭቃ ጎማውን ሲይዝበት ሞተሩን ገበሬ ቤት ጥሎ በእግሩ ይቀጥላል። ከእርሻ ላይ፣ ከለቅሶ ቤት፣ ከገበያ መሀል ሰው ጎትቶ አምጥቷል። «ክኒን የሚሠራው ሆድ ውስጥ ነው፤ ኪስ ውስጥ አይሠራም» ነበር የዘወትር ንግግሩ። በሽተኞቹ ይፈሩታል። ጥቂቶቹ ይጠሉታል። ብዙዎቹ ግን እጃቸው ሳይቆረፍድ፣ ዓይናቸው ሳይጠፋ የቀረው በእሱ ኃይለኝነት እንደሆነ ያውቁ ነበር።

ገመዳ ከነዚህ አንዱ ነው። ከጊንጪ በላይ በደንዲ በኩል ጤፍ የሚዘራ፣ ረጅም፣ ንግግሩ ጥቂት ገበሬ። ዳፕሶን ከጀመረ በኋላ ፊቱ ላይ የነበረው እብጠት ጠፍቶለት፣ ቆዳው ለስልሶ፣ ደቻሳ ለአዲስ በሽተኞች «እሱን እዩት» እያለ የሚያሳየው ሰው ሆኖ ነበር። ዓመታት አልፈው ግን ጆሮው እንደገና መወፈር ጀመረ። ቅንድቡ ረገፈ። ግንባሩ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ወጡ።

ያን ቀን ጊንጪ ክሊኒክ ጓሮ ነበርን። በሽተኞቹ በረድፍ ተቀምጠዋል። ደቻሳ የገመዳን ጆሮ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃን አዞረው።

«መድኃኒቱን እየጣልከው ነው» አለው።

«አልጣልኩም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የምታውቀው አንተ ነህ።»

«የማውቀውማ አውቃለሁ። ውጠኸው ቢሆን ኖሮ በሽታው አይመለስም ነበር። ውሸታም ነህ፣ ገመዳ!»

ይህን ያለው ጮክ ብሎ ነው፤ ሌሎቹ እንዲሰሙና እንዲማሩበት። ገመዳ ነጠላውን ወደ ጆሮው ሳበ። እኔ በዚያው ቀን ሽንቱን መርምሬ መድኃኒቱ እንዳለበት ለደቻሳ ነገርኩት። «ቀጠሮው ሲደርስ ብቻ ይውጣል፤ ይሄን ስንቱ ያደርገዋል» አለኝ። እውነትም ስንቱ ያደርገው ስለነበር አልተከራከርኩትም።

ደቻሳ በዚህ አላበቃም። ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነገረ። የገመዳን ሚስት አዴ ወርቂቱን ጠርቶ፣ በየማለዳው ባሏ ክኒኑን ሲውጥ ቆማ እንድታይ፣ ከዋጠም በኋላ አፉን አስከፍታ ምላሱን እንድታስነሣው አዘዛት። አደረገችው። በልጆቹ ፊት በየማለዳው አፉን ሲከፍት፣ ምላሱን ሲያነሣ ኖረ። በሽታው ግን ባሰ። ወርቂቱ በመጨረሻ፣ ከዋጠ በኋላ ጓሮ ሄዶ ያስመልሰዋል፣ መሞት ፈልጎ ነው ብላ አመነች። ወንድሞቿ መጥተው ከነልጆቿ ወሰዷት። አብሮት የሚያርስ ጎረቤቱም በሬውን አላጣምድም አለ። በበሽታው ሳይሆን በውሸቱ ነበር የሸሹት፤ ለራሱና ለልጆቹ የማያዝን ሰው ነው ብለው።

በዚህ መሀል አዲስ አበባ ላይ ጥናት እንደሚካሄድ ሰማን። ዳፕሶን በአንዳንድ በሽተኞች ላይ ለምን እንደሚሰንፍ የሚያጠና አንድ ሐኪም አምቦ መጥቶ፣ በሽታው ከተመለሰባቸው ሰዎች ቆዳ ቁራጭ እንፈልጋለን አለ። ደቻሳ የመጀመሪያው አድርጎ የሰጠው ገመዳን ነው። «ውሰዱት» አለ። «መድኃኒቱን ቢውጥ እንደሚድን እናንተ አረጋግጡልኝና ይፈር።» ሐኪሙ ከገመዳ ጆሮ ላይ ትንሽ ቁራጭ ቆረጠ፤ በበረዶ በታጨቀ ቴርሞስ ይዞት ሄደ።

ከዚያ ሰው ሁሉ ረሳው። ዝናቡ መጥቶ ሄደ፣ ጤፉ ታጨደ፣ እኔም ሁለተኛ ልጄን ወለድኩ። ከወሊድ ፈቃድ ከተመለስኩ በኋላ ነው ሐኪሙ ተመልሶ የመጣው። እኔና ደቻሳ ላቦራቶሪ ውስጥ ሆነን ሰማነው።

የዚህ በሽታ ተህዋስ እንደሌሎቹ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አይበቅልም፤ በአይጥ እግር ውስጥ ግን ቀስ ብሎ ይራባል አለን። ከገመዳ ቆዳ ያገኙትን በአይጦች የእግር መዳፍ ወግተው፣ አይጦቹን ዳፕሶን የተቀላቀለበት ቀለብ እየመገቡ ጠበቁ። ከሌላ ሰው የተገኘው ተህዋስ በመድኃኒቱ ሞቷል። የገመዳው አልሞተም። የመድኃኒቱን መጠን ቢጨምሩበትም ተራባ።

ደቻሳ ካፖርቱን እንደለበሰ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። «አይጦቹ ቀለቡን በልተውት እንደሆነ በምን ይታወቃል?» ሲል ጠየቀ።

ሐኪሙ ሳቀ። «አይጥ ክኒን አትደብቅም፣ አቶ ደቻሳ።»

እኔም ሳቅሁ። ደቻሳ አልሳቀም። ሐኪሙ ቀጠለ፤ በሌሎችም አገሮች እንዲሁ እየታየ ስለሆነ ከእንግዲህ ሦስት መድኃኒት ባንድ ላይ ሊሰጥ ነው፤ አንዱን የለመደ ተህዋስ ከሌላው አያመልጥም፤ ሕክምናውም ዕድሜ ልክ መሆኑ ይቀራል፤ እንደ ገመዳ ላለው ሁለት ዓመት ነው አለ። ትልቅ የምሥራች ነበር። ዕድሜያችንን ሙሉ ስንጠብቀው የኖርነው ነገር ነው። ሐኪሙ ሲወጣ ደቻሳ የእኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«እኔ ያላመንኩትን ሰው አይጥ መሰከረችለት» አለ። «ሙሉ፣ ውሸታም ያልኩት እሱን ብቻ ይመስልሻል?» ሲል ጠየቀኝ።



አዲሱ መድኃኒት እንደመጣ ገመዳ ቤት አብረን ሄድን። ሞተሩን ታች ጥለን ዳገቱን በእግራችን ወጣን። ገመዳ ብቻውን ደጁ ላይ ተቀምጦ ገመድ ይፈትላል፤ ሁለት ጣቶቹ ታጥፈው ቀርተዋል። ሰላምታ ሲያቀርብልን አልተነሣም። ደቻሳ ሳይቀመጥ ነገሩን ሁሉ ነገረው፤ ስለ አይጦቹም፣ ስለ አዲሱ መድኃኒትም። «አልጣልከውም ነበር። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ይቅር በለኝ» አለው።

ገመዳ ገመዱን እየፈተለ፣ «አሁን አወቅህ?» አለ።

«አሁን አወቅሁ።»

«እኔ ያኔም አውቅ ነበር።»

ደቻሳ መድኃኒቱን ከቦርሳው አወጣ። ገመዳ አላየውም።

«አልወስድም» አለ። «እሱም ካልሠራ ደግሞ ጣልከው ትለኛለህ። በዚህ በሽታ እሞታለሁ እንጂ ሁለተኛ ውሸታም አልባልም።»

«ገመዳ፣ ሌሎቹም ጣቶችህ ይሄዳሉ። ዓይንህም ይሄዳል።»

«ይሂድ። አንተ ደቻሳ፣ ውሸታም ያልከኝ በሰው ፊት ነው። ይቅርታህን ደጄ መጥተህ፣ ማንም በሌለበት አትስጠኝ።»

ደቻሳ ከፊቴ እየፈጠነ ወረደ። ሞተሩ ጋ ስንደርስ፣ «እሑድ ስብሰባ አላቸው» አለኝ። አስጠነቀቅኩት። የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ ቆሞ የመንግሥት መድኃኒት አልሠራም ብሎ መናገር በዚያ ዘመን ምን እንደሚያስከትል ሁለታችንም እናውቃለን፤ በተለይ እንደ እሱ ስሙ ከጴንጤ ጋር ለተነሣ ሰው። «አውቃለሁ» አለ። «ደክሞኛል፣ ሙሉ። ይሄን ተሸክሜ ደግሞ አልችልም።»

እሑድ አብሬው ሄድኩ። መፈክሩ ተባለ፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ መዋጮ ብዙ ተወራ። ሊቀመንበሩ «የጤናው ጓድ ስለ አዲስ መድኃኒት ይነግሩናል» ሲል ደቻሳ ተነሣ። ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተቀምጧል፤ ገመዳ ከሁሉም ራቅ ብሎ ብቻውን። ወርቂቱን ከሴቶቹ መሀል አየኋት።

«ገመዳ መድኃኒቱን ይጥላል ብዬ የነገርኳችሁ እኔ ነኝ» አለ ደቻሳ። «አልጣለም። ዓመታቱን ሁሉ ሲውጥ ኖሯል። ያቃተው መድኃኒቱ ነው፤ በሽታው መድኃኒቱን ለምዶታል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ሳላውቅ እንደሚያውቅ ሰው ሆኜ ተናገርኩ። ቤቱ የፈረሰው በእኔ አፍ ነው።»

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ ደቻሳ፣ ስለ አዲሱ ብቻ ቢያብራሩልን…»

ደቻሳ እንዳልሰማ ሆኖ በኦሮምኛ ጨረሰው። «ዱጋን ከን ገመዳቲ» አለ፤ እውነቱ የገመዳ ነው ማለቱ ነው።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «ታዲያ አዲሱንስ በምን እናምናለን?» ብለው ጠየቁ። ደቻሳ መልስ ሳይሰጥ ገመዳ ተነሣ። በሰው መሀል ቀስ እያለ አልፎ መጣና መዳፉን ዘረጋ። ደቻሳ ቀዩን ካፕሱልና ሌሎቹን ክኒኖች መዳፉ ላይ አደረገለት፤ እኔ ውሃ አቀበልኩት። ዋጠው። ዋጠውና ማንም ሳይጠይቀው አፉን ከፈተ፤ ምላሱን ወደ ላይ አነሣ። ለምዶበት ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አፉን ከፍቶ ቆመ።

«ዝጋው» አለ ደቻሳ። «ዝጋው፣ ገመዳ፤ ዝጋው።»

በዚያው ሳምንት ደቻሳን መጥተው ወሰዱት። ማን እንደከሰሰው አላወቅንም፤ ማወቅም አልፈለግንም። ሕዝብ በመንግሥት ሕክምና ላይ እምነት እንዲያጣ ቀስቅሰሃል ተብሎ ነው። ካድሬው «መድኃኒቱ ዋሸ እያልክ ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቀው «መድኃኒቱ አልዋሸም፤ አረጀ። የዋሸሁት እኔ ነኝ» ብሎ እንደመለሰ በኋላ ነገረኝ። ሲለቁት ከስቶ፣ ካፖርቱን ተነጥቆ መጣ። ምን አደረጉህ ስለው፣ «ተኛሁ» አለኝ። «ማንም በሽተኛ ቀርቷል ብሎ አልቀሰቀሰኝም።» ሊያስቀኝ ነበር የፈለገው፤ አልሳቅኩም።

ብዙም ሳይቆይ «ለሥራው ጥቅም ሲባል» ወደ ባኮ ተዛወረ። ሚስቱ አምቦ አስተማሪ ናት፤ ልጆቹም እዚሁ ይማራሉ። ቆላው ለጤናው እንደማይሆን ሁሉም ያውቅ ነበር። የሚለብሰውን በአንድ ሻንጣ ይዞ ሄደ። ሞተሩም ለሌላ ሰው ተሰጠ።

የገመዳ መድኃኒት በእኔ እጅ ቀረ። በየወሩ ጊንጪ እየመጣ ቀዩን ካፕሱል በፊቴ ይውጣል፤ እኔ ግን ዓይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ። የመጀመሪያውን ካፕሱል በዋጠ ማግሥት ሽንቱ ደም መሰለና ደንግጦ መጣ፤ ደቻሳ አስቀድሞ ነግሮት እንደነበር ትዝ ሲለው ግን ራሱ ሳቀ። ሌላኛው መድኃኒት ደግሞ ቆዳውን አጠቆረው። ፊቱ እንደ ከሰል ሆነ። የመንደሩ ልጆች ሲያዩት ይሸሻሉ። እብጠቶቹ ግን አንድ በአንድ ሟሙ፤ ጆሮውም ሳሳ። ከመኸሩ በኋላ ወርቂቱ ተመለሰች። ምን አለችህ ብዬ ጠየቅኩት።

«ምንም» አለኝ። «ገባችና እህል መልቀም ጀመረች። እኔም ውሃ ቀዳሁ።»

የታጠፉት ጣቶቹ አልተቃኑም። ያንን የሚመልስ መድኃኒት አልነበረንም፤ ዛሬም የለም።

ሁለቱ ዓመት ሲሞላ የመጨረሻውን ናሙና ከጆሮው ወሰድኩ። በማይክሮስኮፕ ሳየው ዘንግ የሚመስሉት ቀያይ ተህዋሶች ጥቂት ቀርተዋል፤ የተሰባበሩ፣ የተበታተኑ። የተሰባበረ ማለት የሞተ ማለት ነው፤ ሰውነት ቀስ እያለ ያጸዳዋል፤ መድኃኒቱም ይቆማል ተብለን ተምረናል። ይህንኑ ለገመዳ ነገርኩት።

«አሁንም ይታያሉ?» አለኝ።

«ይታያሉ፤ ግን ሞተዋል።»

«መሞታቸውን ማን አለ?»

«ያጠኑት ሐኪሞች።»

«ደቻሳስ ምን አለ?»

«ደቻሳ እኮ ባኮ ነው፣ ኦቦ ገመዳ።»

«እንግዲያው ባኮ እሄዳለሁ።»

ብቻውን እንዲሄድ አልፈለግሁም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ደቻሳን ላየው ፈልጌ ነበር። ከአምቦ አውቶቡስ ተሳፈርን። አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ የፊቱን ጥቁረት አይቶ ከየት አገር እንደመጣ ጠየቀው፤ ገመዳ ደንዲ ሲለው አላመነውም። ጌዶ ላይ ብርድ ነበር። ከዚያ ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሙቀቱ በመስኮት ገባ፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎ ብቻ፣ በቆሎ የጫኑ የጭነት መኪናዎች ብቻ።

ደቻሳን ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ወባ ተነሥቶበት ገና መዳኑ ነበር። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ሸሚዙ ሰፍቶታል። ገመዳን ሲያይ ሊነሣ ሞከረ፤ ገመዳ ትከሻውን ይዞ መልሶ አስቀመጠው። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ወርቂቱ ተጠያየቁ። ሰላምታቸው ረጅም ነበር።

«ጨርሰሃል ይሉኛል» አለ በመጨረሻ ገመዳ።

«ጨርሰሃል።»

«አይመለስም?»

ደቻሳ የገመዳን ጆሮ ተመለከተ። አይመለስም በለው ብዬ በልቤ ለመንኩት። እንዲህ እንድንል ነበር የተማርነው፤ ለሰዎቹ ድናችኋል በሏቸው፣ ቁርጡን ንገሯቸው፣ አታወላውሉ። ያን ሁሉ መንገድ የመጣነውም ለዚያች አንዲት ቃል ነው።

«አላውቅም» አለ ደቻሳ። «አይመለስም ይላሉ። የሚሉት ብዙ ሰው አይተው ነው፤ እኔም አምናቸዋለሁ። በፊተኛው መድኃኒትም ግን አምኜ ነበር። ከተመለሰብህ ወደ እኔ ና። ጣልከው አልልህም።»

ገመዳ አጠገቡ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እግሩን ዘረጋ።

«እንግዲያው ድኛለሁ» አለ።

ከዚያ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። እኔ የመመለሻውን አውቶቡስ ልጠይቅ ተነሣሁ።